ከጎንደር የሳምንት የቡድን ብስክሌት ጉዞ፦ የትኛው ወር፣ የትኛው መንገድ፣ በየትኛው ሰማይ?

ብዙ ሰው የሳምንት የብስክሌት ጉዞ ሲያቅድ ቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር?» የሚል ነው። ጎንደር ላይ ግን ኪሎ ሜትር ያታልላል። ከከተማው ተነስቶ ወደ ሰሜን አምባ ጊዮርጊስ መድረስና ወደ ደቡብ ማክሰኝት መድረስ ሁለቱም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ግን በማክሰኝቱ መንገድ ጭቃ የተረጨ ልብስ ለብሳችሁ ትመለሳላችሁ፤ በአምባ ጊዮርጊሱ መንገድ ደግሞ ጣቶቹ ፍሬን መጨበጥ ያቃታቸውን ሰው ይዛችሁ ቁልቁለት ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ወሩንም፣ ማደሪያውንም፣ መንገዱንም የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሰማዩ ድንገት ቢለወጥ፣ ከመካከላችን አቅሙ ያነሰው ሰው የት ይገባል?

ወሩ

ሐምሌንና ነሐሴን ከምርጫው አውጧቸው። ዝናቡ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይዘንባል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ጉሙ ቁስቋምን እንኳ ከፒያሳ ይሸፍናል። ከቀሩት ውስጥ የምመዝነው ሦስት ጊዜያትን ነው።

የግንቦት ማብቂያንና የሰኔ መግቢያን ለቡድን አልመርጠውም። አንደኛ፣ ነጎድጓድና መብረቅ ይበዛበታል። ሁለተኛ፣ በበጋው ወራት አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው የናፍጣ ጠብታ፣ የጎማ ብናኝና አቧራ ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጋር ሲቀላቀል መንገዱ ተልባ የፈሰሰበት ይመስላል። ዝናቡ ግማሽ ሰዓት አጥብቆ ከዘነበ በኋላ አስፋልቱ ታጥቦ ይሻላል። ሰው የሚጥለው መጀመሪያ የሚመጣው ካፊያ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ የታመነ ነው። አንድ ላይ ጋልበው ለማያውቁ፣ ወይም በእርጥብ መንገድ ፍሬን ይዘው ለማያውቁ ሰዎች ያለ ማመንታት ይህንን እመክራለሁ። የራሱ ችግር አለው፤ ዳባትና ደባርቅ በኩል ጠዋት ውርጭ አለ፣ አቧራውም ካቴናን ይበላል። ጥር 10 እና 11፣ ለከተራና ለጥምቀት፣ ጎንደር በእንግዳ ስለምትሞላ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው፤ መንገዱም የታቦትና የምእመናን ነው። በእነዚያ ቀናት ብስክሌቱን አቁማችሁ በዓሉን አክብሩ።

የእኔ ምርጫ ከመስቀል ማግሥት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። ክረምቱ እየወጣ ነው፣ ግን ገና አልወጣም። ጠዋት ሰማዩ እንደ መስተዋት ይጠራል፤ ከቀኑ 5 ሰዓት ጀምሮ ደመና ይሰበሰባል፤ ከ7 ሰዓት በኋላ ወይ ይዘንባል ወይ ሳይዘንብ ይበተናል። በረዶም ሊጥል ይችላል። ይህ ተለዋዋጭነት የሰዓት ሥርዓት ስላለው ሰዓቱን ለሚያከብር ቡድን ይገዛል፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ከ6 ሰዓት በፊት ከፍታውን ጨርሶ መውረድ። አደይ አበባው፣ አረንጓዴው ጤፍ፣ ከየገደሉ የሚወርደው ፏፏቴ ደግሞ በኅዳር አይገኙም።

ማደሪያ፦ ጎንደር ላይ መቆየት ወይስ እየተጓዙ ማደር?

ከጎንደር የሚወጡት መንገዶች እንደ ጎጆ ቤት ወራጅ ከአንድ ጉልላት ይዘረጋሉ። ሰሜኑ በወለቃ በኩል ወደ ደባርቅ ይሄዳል። ሌሎቹ ሦስቱ አዘዞ ድረስ አብረው ወርደው ይለያያሉ፦ አንዱ በማክሰኝት ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ በአይከል ወደ መተማ፣ አንዱ በቆላ ድባ ወደ ጎርጎራ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ አልጋ ይዞ በየቀኑ ሌላ አቅጣጫ መውጣት የሚቻለው ለዚህ ነው።

እየተጓዙ ማደር የተሻለ ታሪክ ይሰጣል፤ ይህን አልክድም። ጎንደር–ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንፍራንዝ አካባቢ የጉዛራን ቤተ መንግሥት ዓይቶ፣ አዲስ ዘመን ወይም ወረታ አድሮ ጣና ዳር መግባት ደስ ይላል። ነገር ግን በዚህ ጉዞ ላይ ቀኑን የሚወስነው ሰማዩ መሆኑ ይቀርና የተያዘው አልጋ ይሆናል። ትናንት የበሰበሰ ጫማ ዛሬም እርጥብ ነው። አንድ ሰው ሆዱን ቢያመው ሁሉም ይቆማል፣ ወይም ብቻውን ይቀራል። አጃቢ መኪና ከሌላችሁ አትሞክሩት። ካላችሁ ደግሞ ፖርቶ መጋላው ብስክሌቶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚችል መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ጭናችሁ እዩ።

ጎንደር ላይ የቆየ ቡድን ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሰማዩን አይቶ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። የታመመ ይተኛል፣ ልብስ ይደርቃል፣ ሲዘንብ የዋለበትን ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት በማየት ወይም ፋሲል ግቢን በመዞር ማሳለፍ ይቻላል። ጠንካራ ለሆነ ቡድን አንድ ለውጥ እጨምራለሁ፦ ደባርቅ አንድ ሌሊት ማደር። 100 ኪሎ ሜትር ወጥቶ በዚያው ቀን መመለስ በዝናብ ወቅት ሞኝነት ነው፤ አድሮ በጠዋት መውረድ ግን የሳምንቱ ትልቁ ቀን ይሆናል። ከደባርቅ ወዲያ ያለውን የሊማሊሞን ቁልቁለት ግን ተዉት፤ የወረዳችሁትን ሁሉ መልሳችሁ ትወጡታላችሁና።

የትኛውንም ብትመርጡ ከአየሩ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፤ የመንገዱ ሰላም። በዋዜማው የሰማችሁት አይበቃም። በማለዳ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ አቅጣጫ የመጡና ወደዚያ የሚሄዱ ሾፌሮችን ጠይቁ። «ዛሬ እኔም አልሄድም» ካለ ሾፌር ጋር ክርክር የለም፣ መንገዱ ይቀየራል።

ሰሜን ወይስ ደቡብ?

ሰሜኑን ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ለዚህም ነው ስለ እሱ የምጨነቀው። ከወለቃ ጀምሮ ይወጣል፤ ኮሶዬ ላይ ቆም ብሎ ወደ ቆላው ሲመለከቱ እግር ላይ የነበረው ድካም ይረሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ደባርቅ 2,850 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ስለሚቀንስ ጎንደር ላይ በሸሚዝ የሚያስኬድ ጠዋት እዚያ ሹራብ ያስፈልገዋል። ደባርቅ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሰባት አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ብዙ አይሰማውም፤ ከድሬዳዋ ወይም ከአዳማ የሚመጣ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሜዳ ላይ ቢያሳልፍ ይሻለዋል።

የሰሜኑ አደጋ መመለሻው ላይ ነው። በመውጣት ጊዜ ዝናብ ቢመታህ ሰውነትህ እየሠራ ስለሆነ ይሞቃል። በመውረድ ጊዜ እግር አይሠራም፣ ልብሱ እርጥብ ነው፣ ነፋሱ በሰዓት 40 እና 50 ኪሎ ሜትር ደረት ላይ ይመጣል። አንድ መስከረም ማብቂያ ላይ ስምንት ሆነን ወጥተን መሪው እኔ ነበርኩ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከስሜን ተራሮች በኩል ጥቁር ደመና አየሁ፤ አምባ ጊዮርጊስ ትንሽ ስለቀረን «ደርሰን እንመለሳለን» አልኩ። ስንመለስ ኮሶዬን ሳናልፍ በረዶው ወረደ። አንዷ ጓደኛችን ፍሬኑን በጣቷ መሳብ አቅቷት በመዳፏ ስትገፋ አየኋት። ወርደን በእግራችን ስንገፋ አንዲት እናት ከአጥራቸው ብቅ ብለው «ግቡ ልጆቼ፣ ብስክሌቱንም አስገቡት፣ ሰው የሌለበት ቤት መሰላችሁ እንዴ?» አሉንና ምድጃ ዳር አስቀመጡን። የልጅቷ ንግግር መኮላተፍ ጀምሮ ነበር። እርጥቡን ልብስ አውልቀው በጋቢ ጠቀለሏት፣ ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ አጠጧት። ከቡድናችን አንዱ አረቄ ይሰጣት ሲል «አይሆንም!» አሉት። ልክ ነበሩ፤ አረቄ ቆዳን ያሞቀ ይመስላል እንጂ የውስጥ ሙቀትን ወደ ውጭ ያወጣል። ብርድ የመታው ሰው መንቀጥቀጡ ያስፈራል፤ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ሲቆም ግን ከዚያ የባሰ ነው፣ ያኔ ሐኪም ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ ሰሜን ስንወጣ ሁለት ቦታ ላይ እንቆማለን። ወለቃ ላይ ከፊታችን ያለውን ሰማይ እናያለን። ኮሶዬ ላይ ደግሞ ሰዓቱን እናያለን፤ 4 ሰዓት ካለፈ ወይም የተራሮቹ ጫፍ ከተሸፈነ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን፣ ማንም አይከራከርም።

ደቡቡ እንዲህ አያሳስብም። ጠዳን አልፎ ማክሰኝት ድረስ ሰፈርና ሻይ ቤት አይራራቅም፤ ሚኒባስ ይመላለሳል፤ ደክሞኛል ያለ ሰው ብስክሌቱን ጭኖ ይመለሳል። ዝናቡም ቢመጣ ከሰሜኑ የሞቀ ነው። ሰማዩ ሲያጠራጥር ምርጫዬ ይህ ነው። እዚህ የሚያስቸግረው ሰማዩ አይደለም፣ ትራፊኩ ነው፦ ባጃጅ፣ ከባድ መኪና፣ ጠዋትና ማታ የሚነዳ ከብት። እንዲሁም ስትሄዱ የወረዳችሁትን የአዘዞን ዳገት ስትመለሱ በደከመ እግር ትወጡታላችሁ፤ ጥቂት በሶ ለእሱ አስቀሩ። ከአዲስ ዘመን ወዲያ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ በክረምት ሜዳውን የሚያጥለቀልቁት ወንዞች ስለሆኑ በመስከረም ወደዚያ የሚያልፍ ቡድን ቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቅ።

ጎርጎራና አይከል

የጎርጎራው መንገድ ሜዳ ነው፣ 60 ኪሎ ሜትርን ትንሽ የሚያልፍ። ጣና ዳር ዓሣ በልቶ፣ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልሞ መመለስ ለቡድን የሚመች ቀን ነው። ግን መንገዱ የሚያልፍበት የደምቢያ አፈር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር። ከየማሳው በከብት ኮቴና በጋሪ ጎማ ወደ መንገዱ የሚወጣው ጭቃ ቀጭን ጎማ ላይ ተጣብቆ በሹካውና በጎማው መካከል ይጠቀጠቃል፤ ጎማው መዞር ሲያቆም ብስክሌቱን መሸከም ብቻ ይቀራል። ከፊሉ መንገድ ጠጠር ሆኖ ከጠበቃችሁም ቀጭኑን ጎማ አትመኑ፤ እስከ ምን ድረስ አስፋልት እንደሆነ ቆላ ድባ ላይ ጠይቁ። ሦስት ደረቅ ቀናት ተከታትለው ካለፉ ሂዱ፣ ትናንት ከዘነበ ተዉት። ነፋሱ ግን ይረዳችኋል፦ ቀን ላይ የብሱ ከሐይቁ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከውሃው ወደ የብሱ ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ጎንደር ስትመለሱ ብዙ ጊዜ ከጀርባችሁ ይሆናል።

ሜዳው ላይ መጠለያ ስለሌለ መብረቅን እዚህ ላንሳ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ30 ሰከንድ ካነሰ ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ግቡ፤ ብቻውን የቆመ ግራር ወይም ዋርካ ሥር አትጠለሉ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። «የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ስለሆነ ያድናል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው።

የአይከሉ መንገድ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ወጣ ገባ ነው። ወደ መተማ የሚሄዱ ተሳቢዎች በእርጥብ መንገድ ሲያልፉ የሚረጩት ውሃ ዓይን ይጋርዳል። ሌሎቹን መንገዶች ለጨረሰ ቡድን እንጂ ለመጀመሪያ ሳምንት አልመክረውም።

ብስክሌትና ልብስ

የኮርስ ብስክሌት ወይስ ማውንቴን? ለአስፋልቱ ኮርሱ ይሻላል፤ ሆኖም ጎማው 25 ሳይሆን 28 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ሲዘንብም ነፋሱን ትንሽ ቀንሱለት። ማርሹ ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ጥርስ ቢኖረው የወለቃን ዳገት ተቀምጦ መውጣት ይቻላል። ዲስክ ፍሬን በዝናብ ከቸርኬ ፍሬን በግልጽ ይበልጣል። ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሰው ግን ውሃው መጀመሪያ መጠረግ ስላለበት ከኩርባው ብዙ ቀድሞ በቀላሉ ነካ ነካ ያድርግ፤ አሸዋ የገባበት የፍሬን ሸራ ቸርኬውን ስለሚፍቅ ማታ ማታ ይታጠብ። የዲስክ ሸራና የቀጭን ጎማ ካላማዳሪያ ይዛችሁ ኑ። ጎሚስታ ቤት ያለው የነፋስ መሙያ የተሠራው ለመኪና ቫልቭ ስለሆነ ቀጭን ቫልቭ ያለው ሰው መጋጠሚያ ያስፈልገዋል፤ ይህች የጣት ጫፍ የምታክል ነገር ስትጠፋ ቀን ታበላሻለች።

ከልብስ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እላለሁ፦ የጥጥ ካናቴራ ለዝናብ ቀን አትልበሱ። ውሃ ይዞ ቁልቁለት ላይ ያቀዘቅዛል። ስስ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ ከውስጥ፣ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ከላይ። ውድ የዝናብ ጃኬት ለመግዛት ከማሰባችሁ በፊት ጥሩ ጓንት ግዙ፤ የሚሸነፈው ጣት ነው። ከቁልቁለት በፊት ደረት ላይ የሚደረግ ጋዜጣ ዛሬም ይሠራል። ጋቢ ደግሞ አጃቢ መኪናው ውስጥ፣ ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ደረቅ ሆኖ ይቆይ።

ማታ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ እስኪደርቅም ሁለት ጊዜ ቀይሩት። ልብስ ለማድረቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አታስገቡ። ጭሱ ሳይታይ፣ ሳይሸት ይገድላል።

ከስንት ሰው ጋር፣ እንዴት?

ስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ለሁለት ተከፍላችሁ በአሥር ደቂቃ ልዩነት ተነሱ፤ አሥራ አምስት ሰው አንድ ሻይ ቤት በረንዳ አይችለውም፣ ረጅም ሰልፍም ለሚያልፍ መኪና አደጋ ነው። ከፊት የሚመራውን ፊታውራሪ፣ ከኋላ የሚጠብቀውን ደጀን እንላቸዋለን። ጠንካራው ሰው ደጀን ይሁን፤ ሁልጊዜ ኋላ የሚቀረው እሱ ብቻ እንዳይሆን ተራ ይገባል። የመመለስ ውሳኔ የደጀኑ ነው፣ ምክንያቱም የደከመውን ሰው ፊት የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ፊታውራሪው የሚያየው የሚመኘውን ተራራ ነው፤ እኔ በዚያ ቀን እንደሆንኩት።

በደረቅ መንገድ ተጠግቶ መጋለብ ከኋላ ላለው ሰው ሩብ ገደማ ጉልበት ስለሚቆጥብ ነፋሱን ተራ በተራ መመከት ተገቢ ነው። በዝናብ ግን ይህን ጥቅም ተዉትና ቢያንስ ሦስት የብስክሌት ርዝመት ተራራቁ። የኋላ ጎማ ላይ ፓራፋንጎ መግጠምም ከኋላ ለሚመጣው ወንድምህ ዓይን ብለህ የምታደርገው ነው። ቁልቁለት ላይ ማንም ማንንም አይጠብቅ፤ ሁሉም በሚችለው ፍጥነት ይውረድና በተስማሙበት ሰፈር ይገናኝ፣ ደጀኑ ግን የመጨረሻውን አይለይ።

ምግብን በተመለከተ የቡድኑን ጾም ቀድማችሁ እወቁ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ ሳይበላ ስለሚቆይ በእነዚያ ቀናት ሰሜን መውጣት በደል ነው። እኛ ረቡዕን ማክሰኝት ደርሶ መመለስ፣ ዓርብን ዕረፍት እናደርጋለን። በሌሎቹ ቀናት በሶ በውሃ ተበጥብጦ፣ ቆሎና ሙዝ ከማንኛውም የታሸገ ምግብ ይበልጥብኛል። በቅዝቃዜ ጥማት ስለማይሰማ ውሃ በሰዓት እንጂ በጥም አትጠጡ። ቅዳሜ ጎንደር ትልቁ የገበያ ቀን ነው፤ ጠዋት ወደ ከተማው የሚገባው ሰውና አህያ መንገዱን ስለሚሞላ ሳይነጋጋ ውጡ ወይም እስኪረግብ ቆዩ።

ሳምንቱን ስትደለድሉ የመጀመሪያውን ቀን ለጠዳ ወይም ለማክሰኝት ስጡት፤ ቡድኑ እርስ በርሱ ይተዋወቅበታል። ሰሜኑን ለማክሰኞና ለሐሙስ አስቡት፣ ነገር ግን ሁለቱንም በእርሳስ ጻፉት። ጎርጎራ ደረቅ ቀናት ከተከታተሉ በኋላ ይምጣ። ሰባተኛውን ቀን ምንም አትጻፉበት፤ ኮሶዬ ላይ ሻይ ጠጥታችሁ የተመለሳችሁበት ቀን ካለ፣ እንደገና የምትወጡት በዚያ ቀን ነው።